መርከባችሁ ሮም አንድ ቀን ብትቆም፦ በአበበ ቢቂላ የመጨረሻ ርምጃዎች ላይ

ውድ እህታችን፣ መርከባችሁ ቺቪታቬኪያ ወደብ ላይ የምትቆየው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ እርስዎና ባለቤትዎ ሮምን በራሳችሁ ወጥታችሁ ማየት ትችሉ እንደሆነ፣ ወይስ መርከቧ የምትሸጠውን የአውቶቡስ ጉብኝት መግዛት ይሻላችሁ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ በነበረው ረቡዕ፣ እዚያው ወደብ በተመሳሳይ ሰዓት ወርደን ቀኑን በሮም አሳልፈናል። መልሴ «አዎ፣ ትችላላችሁ» ነው። የምመክራችሁ ግን ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ለማዳረስ እንድትሮጡ ሳይሆን አንድ መስመር መርጣችሁ በእግራችሁ እንድትሄዱ ነው፤ ለእኛ ሰው ደግሞ ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ አንድ መስመር ሮም ውስጥ አለ። ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ቺቪታቬኪያ የሮም ወደብ ትባል እንጂ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ ራሷን የቻለች ከተማ ናት። ከመርከቧ እንደወረዳችሁ ወደቡ ውስጥ የሚመላለሰው ነጻ አውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ ወደሚባለው መውጫ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ባቡር ጣቢያው በእግር 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ጣቢያው ስትደርሱ ቢርግ የሚባለውን የቀን ቲኬት ግዙ። እኛ ስንገዛው ለአንድ ሰው 12 ዩሮ ነበር፤ የባቡሩን ደርሶ መልስ ብቻ ሳይሆን የሮምን ሜትሮና አውቶቡስም እስከ እኩለ ሌሊት ይሸፍናል። ስማችሁንና የትውልድ ቀናችሁን ጻፉበት፤ ባቡሩ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊትም ጣቢያው ውስጥ ባለው ትንሽ ማሽን አስመቱት፤ ያልተመታ ቲኬት የያዘ መንገደኛ ገንዘቡን ከፍሎም ቢሆን ይቀጣል።

አብዛኛው መንገደኛ የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ እስከሆነው ተርሚኒ ይሄዳል። እናንተ ግን ከዚያ በፊት ኦስቲየንሴ ጣቢያ ውረዱ፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከጣቢያው ወጣ ስትሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ የአንድ ሮማዊ ባለሥልጣን መቃብር የሆነ ፒራሚድ ታያላችሁ፤ አጠገቡ ያለው የሜትሮ ጣቢያም በእሱ ስም ፒራሚዴ ይባላል። ከዚያ በሜትሮ አንድ ፌርማታ ብቻ ተጉዛችሁ ቺርኮ ማሲሞ ስትወርዱ፣ ከፊታችሁ የሚታየው ትልቅ ነጭ ሕንጻ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ይህ ሕንጻ መሠራት የተጀመረው የፋሺስቱ መንግሥት የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹን የሚያስተዳድርበት ሚኒስቴር እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ከፊቱ ያለው የፖርታ ካፔና አደባባይም ከአክሱም የተወሰደው ሐውልታችን ከ1937 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የቆመበት ቦታ ነው።

ጣሊያን የወሰደችውን እንድትመልስ በ1947ቱ የሰላም ስምምነት ግዴታ ገብታ ነበር፤ የጊዜ ገደቡም 18 ወር ነበር። ሐውልቱ ግን በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የገባው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ተተክሎ የተመረቀው በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በአደባባዩ ላይ ለመስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ትንንሽ ዓምዶች ቆመዋል። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ መኪናው ያለ ማቋረጥ ይጎርፍ ነበር፤ ቆም ብሎ የሚያይ ሰው ከእኛ በቀር አልነበረም። ባለቤቴ 24 ሜትር ገደማ የነበረውን ድንጋይ በዓይኗ እየለካች ቀና ብላ ሰማዩን ስታይ ቆየችና «ባዶ መሆኑ እንዴት ደስ ይላል» አለችኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ ነገር ስለዚያ ቦታ መናገር አልችልም።

አሁን ያልኩት መስመር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከአደባባዩ ተነስቶ ወደ ኮሎሲየም የሚወስደው፣ ግራና ቀኙ ረጃጅም የጥድ ዛፎች ያሉበት ጎዳና ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ይባላል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ 11 ቁጥርን ለብሶ፣ በባዶ እግሩ የኦሊምፒኩን ማራቶን የጨረሰው በዚህ ጎዳና ላይ ነው። ውድድሩ የተጀመረው ወደ ማታ ስለነበር ሯጮቹ የጥንቱን የአፒያ መንገድ በችቦ ብርሃን አልፈው ነው ወደ ከተማው የተመለሱት። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው ባዩ ጊዜ የአክሱምን ሐውልት የማፈትለኪያ ምልክት እንዳደረጉት ይነገራል፤ እስከዚያ ድረስ ጎን ለጎን ሲሮጥ የነበረውን ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ የሄደውም እዚያው አካባቢ ነው። ሐውልቱን አልፎ፣ በጨለማው ውስጥ በመብራት ወደ ደመቀው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሲደርስ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር፤ ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ገባ።

ይህን መንገድ በእግር ለመሄድ ከአሥር ደቂቃ ብዙም አይበልጥባችሁም፤ እኛ ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀንበት። የባለቤቴ አባት የክብር ዘበኛ ወታደር ስለነበሩ የአበበን ነገር ያደገችው ከእሳቸው አፍ እየሰማች ነው። ቅስቱ አጠገብ ስንደርስ ዝቅ ብላ መዳፏን ከጥቁሮቹ ትንንሽ ጥርብ ድንጋዮች በአንዱ ላይ አሳረፈች። የጠዋት ፀሐይ ስለነበረ ድንጋዩ ሞቅ ብሏል፤ ጠርዙ ግን ሹል ነው፣ ከጎረቤቱ ድንጋይ ጋርም እኩል አይደለም። «በዚህ ላይ ነው?» አለችና ለረጅም ጊዜ እጇን አላነሳችም። ጎዳናው ራሱ አስፋልት ነው፤ ቢሆንም በባዶ እግር 42 ኪሎ ሜትር ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ድንጋይ በእጄ ስነካ ነው። አስጎብኚ አውቶቡስ ይህን ጎዳና በአንድ ደቂቃ ያልፈዋል፤ መርከቧ የምትሸጠውን ጉብኝት እንዳትገዙ የምመክረውም በዋነኛነት ለዚህ ነው።

ኮሎሲየም ውስጥ አልገባንም። የመግቢያ ቲኬቱ በስምና በሰዓት የሚቆረጥ ስለሆነ ቀደም ብሎ ካልተገዛ አይገኝም፤ ከገቡም አጠገቡ ካለው የጥንቷ ሮም አደባባይ ፍርስራሽ፣ ከፎረሙ፣ ጋር ሲደመር ግማሽ ቀን ይወስዳል። ከውጭ ዞረን ካየነው በኋላ ሽቅብ ወደ ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሄድን። ይህም የዚያ ማራቶን መነሻ ነው፤ ከአደባባዩ ጀርባ ካለው ሰገነት ደግሞ የሮም ፎረም ያለ ክፍያ ወለል ብሎ ይታያል። ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ቀንና ሌሊት የሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች ውኃቸው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው።

ቀኑ ረቡዕ ስለነበር የጾም ምግብ አስፈልጎን ነበር፤ ይህም በሮም ቀላል ነው። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት እንጂ አይብ የለበትም። በቀድሞው የአይሁድ ሰፈር ደግሞ እንደ አበባ ተከፍቶ በዘይት የተጠበሰ አርቲቾክ ይሸጣል፤ ቅጠሉ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ማኪያቶ ስትጠጡ ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። ፓንቴዮን የሚባለውን የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ ከምሳ በኋላ አየነው፤ መግቢያው 5 ዩሮ ነበር፣ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። የትሬቪን ፏፏቴ በሕዝቡ ብዛት ምክንያት ተውነው፤ አልጸጸተንም።

ከዚያ የጢቤርን ወንዝ በሳንት አንጄሎ ድልድይ ተሻግረን ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ደረስን። ረቡዕ ጠዋት ሊቀ ጳጳሳቱ ሕዝቡን የሚቀበሉበት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ መሄዱ ይሻላል። ባዚሊካው፣ ማለትም አደባባዩ ላይ ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ መግቢያ አይከፈልበትም፤ ነገር ግን የፍተሻው ሰልፍ ረጅም ነው፣ ትከሻና ጉልበትም መሸፈን አለበት። ባለቤቴ ነጠላዋን በቦርሳዋ ይዛ ስለነበር አልተቸገረችም፤ ከእኛ ፊት የነበሩ ሁለት ሴቶች ግን ልብሳቸው እጅጌ ስለሌለው ተመልሰዋል። ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። ለዘመናት የአገራችን መነኮሳት ማረፊያ የነበረ ሲሆን፣ በ1548 እና 1549 እ.ኤ.አ. ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ሮም ላይ ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን የኖሩት እዚያ ነው። ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት ስላልሆነ አልገባንበትም፤ ባዚሊካው ውስጥ ቆመን ግን ከግድግዳው ወዲያ መኖሩን ማወቃችን ብቻውን ቀኑን ሌላ መልክ ሰጥቶታል።

ለመመለስ እስከ ተርሚኒ አትሂዱ፤ ከአደባባዩ በእግር ሩብ ሰዓት የሚሆን ሳን ፒየትሮ የሚባል ጣቢያ አለ፣ የቺቪታቬኪያ ባቡር እዚያ ይቆማል። እኛ 10 ሰዓት ሳይሞላ ብንደርስም የጠበቅነው ባቡር ቀርቶ ቀጣዩን ለመሳፈር 40 ደቂቃ ቆመናል። መርከቧ የራሷን ጉብኝት የገዙትን ትጠብቃለች፤ በራሱ የወጣውን ግን አትጠብቅም። የመሳፈሪያው ሰዓት የሚዘጋውም ከመነሻው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ነውና፣ ሁለት ባቡር ቢያመልጣችሁ እንኳ የምትደርሱበትን ሰዓት አስልታችሁ ተነሱ። ጣሊያን ውስጥ የባቡር ሠራተኞች አድማ የተለመደ ነው፤ አስቀድሞ ስለሚነገር ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ አረጋግጡ። አድማ ካለ ያን ጊዜ የመርከቧን ጉብኝት ያለ ማመንታት ግዙ።

በመጨረሻ፣ የአሜሪካ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት እንዳላችሁ ጠቅሰዋል። ግሪን ካርዱ ለአውሮፓ አያስገባም፤ ጣሊያንን ጨምሮ ወደ አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በአንድነት የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። መስመራችሁ ሞንቴኔግሮን ወይም ቱርክን የሚነካ ከሆነ ከሸንገን ወጥታችሁ እንደገና ስለምትገቡ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃችሁም፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ይሰጥ እንደሆነ አስቀድማችሁ ቆንስላውን ጠይቁ፣ ማመልከቻው ላይም የመርከቧን የጉዞ መስመር አያይዙ። አንዳንድ መርከቦች ፓስፖርቱን ተቀብለው ስለሚያስቀምጡ፣ ከመውረዳችሁ በፊት ኮፒውንና ፎቶ ያለበት ሌላ መታወቂያ መያዛችሁን እርግጠኛ ሁኑ፤ ወደ ወደቡ ስትመለሱ ከመርከቧ ካርድ ጋር ልትጠየቁ ትችላላችሁ።