ለኮምቦልቻዋ ባለ ዳቦ ቤት እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ዳቦ ቤቱን ከከፈትኩ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ተነስቼ ማታ 4 ሰዓት እተኛለሁ። ስልክ ሲጠራ ሆዴ ይላወሳል። ልዝጋው ወይስ ልቻለው?» ነው ያልሽው። ብዙዎቹ «ሥራ እንዲህ ነው፣ ጠንክሪ» ብለውሻል። እኔ አብሽሪ እልሻለሁ፣ ጠንክሪ ግን አልልሽም። ጠንክረሽማ ነው እዚህ የደረስሽው።

እኔ ደሴ ውስጥ ሰኞ ገበያ አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ኅዳር ለገበሬው እንደሆነው ሁሉ ነሐሴ ለእኛ እንደዚያ ነው። ትምህርት ቤቱም ወላጁም በአንዴ ይመጣል፣ ቀብድ ይሰጣል፣ እኔም እቀበላለሁ። የመጣን ሰው መመለስ ነውር ይመስለኝ ነበር።

ካቻምና ነሐሴ መጨረሻ ላይ መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ማታ መጣ። አብረውኝ የሚሰፉትን ልጆች ወደየቤታቸው ሸኝቼ ብቻዬን ለመቁረጥ ቀረሁ። ሌሊት 7 ሰዓት ይሆናል። የሱሪውን ጨርቅ፣ ጋባርዲኑን፣ ጠረጴዛው ላይ ደራርቤ አነጠፍኩና በኖራ አስምሬ ቆረጥኩ። የሚሰፋ ሰው ያውቀዋል፤ ጨርቅ ፊትና ፊቱ ተገናኝቶ ነው የሚነጠፍ፣ ያኔ የግራውም የቀኙም እግር አብሮ ይወጣል። እኔ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አንጥፌው ኖሯል። ጠዋት ልጆቹ ሊገጣጥሙ ሲያነሱት አርባውም የግራ እግር ነው። አንዷ ልጅ ሁለቱን ይዛ ወደ እኔ አየች፣ ምንም አላለችም። እኔም አላለቀስኩም፣ አልተናደድኩም። ምንም አልተሰማኝም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት አንዲት እናት ልጇን ለልኬት አመጣችው፤ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ። ሜትሩን ትከሻው ላይ ሳደርግ ትንሽ ተቁነጠነጠ። «ቁም!» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ክንዱን ፊቱ ላይ ጋረደ፣ ልመታው መስሎት። እኔ እኮ ይህን ሥራ የጀመርኩት የሕፃን ልብስ መስፋት ስለምወድ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። ስነግራት የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2019 ስለዚህ ዓይነት ዝለት ያስቀመጠውን አስረዳችኝ። በሽታ ብሎ አይደለም የመዘገበው፤ መላ ሳያገኝ ከከረመ የሥራ ጫና የሚመጣ ነው ይላል። ምልክቱ ሦስት ነው፦ አቅም ተሟጦ ማለቅ፣ ልብ ከሥራው መሸሽ ወይም ሥራውን መጥላት፣ ሥራውም እንደ ድሮው አልሆን ማለት። አርባው የግራ እግር ሦስተኛው ነው፤ የልጁ ክንድ ሁለተኛው። የመጀመሪያው ከጀመረኝ ዓመት አልፎት ነበር፣ እኔ ግን ትጋት ነው የምለው።

ያዳነኝ ዕረፍት ብቻ አልነበረም። ሦስት ቀን ዘግቼ ተኛሁ፣ ስመለስ ሁሉም እንደነበረ ጠበቀኝ። ያዳነኝ መቁጠር ነው። ደብተር አውጥቼ አሰላሁት። ሦስት ሰፊ አለኝ፣ አንዱ በቀን አምስት ሙሉ ልብስ ያወጣል፤ 15 ማለት ነው። ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 5፣ ጳጉሜን ጨምሮ 40 ቀን ነው። እሁዶቹና መብራት የሚጠፋበት ሲወጣ 30 ቢተርፍ ነው። 450 ልብስ። እኔ ቀብድ የተቀበልኩበት ደግሞ 720 ነበር! 270ውን ማን ሊሰፋው ነው? ከእንቅልፌ፣ ከልጆቼ፣ ከወገቤ ነበር የምሰፋው። ደክሞኛል እያልኩ ለዓመታት ሳማርር ነገሩ ሰነፍ ወይም ጎበዝ የመሆን አልነበረም፤ ቀብዱን ስቀበል ነው የሚበላሸው።

አሁን 400 ሲሞላ መዝገቡን እዘጋለሁ። 50ውን ለብልሽትና ለመብራት እተወዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን «ከመስቀል በኋላ ይደርስልሃል፣ ካልሆነ እዚያ ማዶ ጎበዝ ሰፊ አለ» እላለሁ። መጀመሪያ ስናገረው ምላሴ ተሳስሮ ነበር። ግማሾቹ ሄዱ፣ ግማሾቹ ከመስቀል በኋላ ተመለሱ። በገቢው የቀነሰብኝ ከፈራሁት ያነሰ ነው፣ ምክንያቱም የሚበላሸው ጨርቅ ቀረ።

አንቺም ምጣድሽን ቁጠሪው። ምድጃሽ በአንድ ጊዜ ስንት ዳቦ ይይዛል? በአንድ ንጋት ስንት ጊዜ ይጋገርበታል? ከሆቴሎቹና ከካፌዎቹ ስንት ቃል ገብተሻል? ሁለቱ ቁጥር ጎን ለጎን ሲጻፍ ወይ ሁለተኛ ምድጃ፣ ወይ አንድ ጋጋሪ፣ ወይ የሚቀነስ ደንበኛ እንደሚያስፈልግ ራሱ ይነግርሻል። ከሚቀነሱት መጀመሪያ በዱቤ ወስዶ ሦስት ወር የሚያመላልስሽን አስቢ። እሱ ዳቦሽን ብቻ አይደለም የሚወስደው።

ስልኩን በሚመለከት፣ ትእዛዝ እስከ ከቀኑ 11 ሰዓት ብቻ በይ። እኔ በሩ ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። ሁለት ሳምንት ይነጫነጫሉ፣ ከዚያ ይለምዳሉ።

የሌሊት 8 ሰዓቱን ደግሞ እዚህ ደሴ ዳቦ የምትጋግር ጎረቤቴን ጠየቅሁልሽ። እርሾው ሲቀነስ ሊጡ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳ፤ ማታ ተቦክቶ ንጋት ላይ ይደርሳል አለችኝ። ኮምቦልቻ ከእኛ ቆላ ስለሆነች ሊጡ ቶሎ ይነሳባታል፣ ስለዚህ ውሃውን ቀዝቃዛ አድርጋ በትንሽ ሊጥ ትሞክረው ብላሻለች። ዱቄቱን፣ ውሃውን፣ ጨውን፣ እርሾውን በሚዛን መዝነሽ ግድግዳ ላይ ጻፊው። «እጄ ያውቀዋል» የምትይ ከሆነ ያለ አንቺ እጅ ዳቦ አይኖርም፣ አንቺም አትተኚም። እኔ ቁረጣውን ለአንዷ ልጅ ለማስተማር አራት ወር ፈጀብኝ። ጨርቅ አበላሸችብኝ፣ ዋጋውን ችዬዋለሁ። ዛሬ ከእኔ የተሻለች ቆራጭ ናት።

አንድ ነገር ግን ቁጥር አይፈታውም። ብዙዎቻችን እዚህ አካባቢ ማረፍ የፈራነው በ2014ቱ ጦርነት ነው። ጥቅምት ላይ ከተማውን ለቅቄ ወጥቼ ታኅሣሥ ስመለስ ከአራት ማሽኔ የቀረኝ ጠረጴዛው ብቻ ነበር፣ የማሽኖቹ ራስ ተነቅሎ ተወስዷል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሥራ ሁሉ የምቀበለው ነገ ሁሉም ይጠፋል ብዬ ነው። ቀብድ ስቀበል እጄ ላይ ያለው ገንዘብ ሳይሆን ያ ባዶ ጠረጴዛ ነው የሚታየኝ። አንቺም ከዚያ በኋላ ከዜሮ ከጀመሩት አንዷ ከሆንሽ ፍርሃቱን እወቂው፣ በስሙ ጥሪው። እኔ ከእቁብ የወጣልኝን አንድ እጣ ሳልነካው አስቀምጫለሁ፤ እምቢ ለማለት አቅም የሰጠኝ እሱ ነው።

የሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ለተቀጣሪ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል፣ በሳምንት ደግሞ የ24 ሰዓት ዕረፍት። ለልጆቹ ይህን ሳሟላ ኖሬ ለራሴ አንድ እሁድ አልሰጠሁም። አሁን እሁድ ቁልፉ ቤት ነው። ጎረቤቴ ቡና ስታፈላ አቦሉን ጨልጬ የምሮጥ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን «ቶናውንና በረካውንስ ለማን ትተሽ ነው?» አለችኝ፣ ስኒውን እንደያዘች። መልስ አጣሁ።

ልዝጋው ወይ ያልሽውን ዛሬ አትወስኚ። አራት ሰዓት የተኛ ሰው የወሰነውን አላምንም። መጀመሪያ አንድ ሳምንት በቀን ሰባት ሰዓት ተኚ፣ ለዚህ አንድ ደንበኛ ቢቀር ይቅር። እንቅልፉ እየተፈለገ እምቢ ካለ፣ ደረትሽን ከጨነቀሽ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ያ የምክር ጉዳይ አይደለም።

ከኮምቦልቻ ደሴ ሩቅ አይደለም። የፊታችን እሁድ ካመቸሽ ነይ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ትእዛዝ የምትመዘግቢበትን ደብተር ይዘሽ ነይ፣ አብረን እንቆጥረዋለን። ቡናውም እስከ በረካ ነው።