«ይደርሳል» ተብሎ እስከ መቼ ይጠበቃል? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጎንደር ላይ ከሕፃናት ጋር የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። በጊዜው ስላልተቀመጠ፣ ስላልሄደ ወይም አፉን ስላልፈታ ልጅ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ሲስተር፣ ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወሩ ነው፤ አንድም ቃል አይናገርም። አማቴ «አባቱም በ4 ዓመቱ ነው አፉን የፈታ» ይሉኛል። ልጠብቅ? (ከማራኪ)

አትጠብቂ የኔ እህት። አማትሽ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ዘግይተው የሚናገሩ ልጆች አሉ። ችግሩ፣ በራሱ ጊዜ የሚደርሰውንና እርዳታ የሚፈልገውን ልጅ ቤት ተቀምጦ መለየት አይቻልም። 2 ዓመት የሞላው ልጅ ሁለት ቃል አገናኝቶ «እማ ውሃ» ማለት ይጠበቅበታል።

መጀመሪያ የሚታየው ጆሮው ነው። «ቡና ስወቅጥ ይዞራል» እንዳትይኝ፤ ሙቀጫው ወለሉን ስለሚነዝረው የማይሰማ ልጅም ይዞራል። ከኋላው ሆነሽ፣ ጥላሽን ሳያይ፣ በዝግታ ስሙን ጥሪው። ዞረም አልዞረም ግን የጆሮ ምርመራው አይቀርም። ለመስማት ከተቸገረ የመስሚያ መሣሪያውም የምልክት ቋንቋውም ቶሎ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው።

ስልኩን ደግሞ አርቂለት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለ2 ዓመት ልጅ ስክሪን ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት ነው፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ሽንኩርት ስትልጪም አጠገብሽ አስቀምጠሽ አውሪው።

በስንት ወሩ ምን ካላደረገ ነው የምንደነግጠው?

መደንገጡ ይቅርና ውሰዱት። በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ ካልተቀመጠ፣ በ18 ወሩ ካልተራመደ ይታይ። ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጅ ብቻ የሚጠቀም፣ ሌላውን ጨብጦ የሚይዝ ልጅም እንዲሁ። ይናገር የነበረውን ቃል የተወ ልጅ ግን ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ቀጠሮ አይጠብቅም። ያለጊዜው የተወለደ ከሆነ፣ ለምሳሌ 2 ወር ቀድሞ ከመጣ፣ እስከ 2 ዓመቱ ድረስ ያንን 2 ወር ከዕድሜው ቀንሱለት።

የ7 ወር ልጄ ከእንቅልፉ ሲነቃ እጁን ዘርግቶ አንገቱን ደፋ ደፋ ያደርጋል። ቁርጠት ነው አሉኝ።

ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው። በተከታታይ እንዲህ ማድረግ የሕፃናት የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር አንጎል ይጎዳል። ሲያደርገው በስልክሽ ቅረጪው። ሐኪሙ ፊት ላያደርገው ይችላል።

የ3 ዓመት የልጅ ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት ተባለ። እግሩ እንደ እንጨት ደርቋል፤ ወጌሻ ያሸዋል። ሲበላም ትን ይለዋል። (አያት፣ ከአዘዞ)

እማማ፣ ወጌሻው ይቅር። ሴሬብራል ፓልሲ ማለት አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው፤ ጉዳቱ አጥንቱ ላይ አይደለም። የደረቀን ጡንቻ በኃይል ሲጎትቱት ጭራሽ ይገትራል፤ አጥንትም ሊሰበር ይችላል። ማዘሉን ግን አይተዉት፤ ጀርባዎ ላይ ሲሆን እግሮቹ ስለሚራራቁለት ጥሩ ነው።

ትን የሚለው ነገር የበለጠ ያሳስበኛል። ብዙ ቤት የማየው ልጁን አጋድሞ አጥሚት መጋት ነው። አንገቱ ወደ ኋላ ሲቀለበስ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ የሳንባ ምች የሚመላለስባቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቁጭ ያድርጉት። ጀርባው ቀጥ፣ ጉልበቱ እጥፍ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ትንሽ ዝቅ ይበል። ከፊቱ ተቀምጠው በትንሽ ማንኪያ ይስጡት። ማንኪያውን ምላሱ ላይ ጫን አድርገው፣ ከንፈሩን እስኪገጥም ይታገሡ። ቀጭን አጥሚት በፍጥነት ስለሚወርድ ወፈር ቢል ይሻላል። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አያስተኙት። ይህን ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሲሄዱ በተግባር ያሳዩዎታል።

ልጃችን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወስዳል። ጠበል ወስደነው መድኃኒቱን እናቁም?

ጠበሉንም ሂዱ፣ መድኃኒቱንም ስጡት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም የባሰ ይጥላል።

ልጄ 1 ዓመት ከ8 ወሯ ነው፤ እግሯ ተንጋዷል፣ አትሄድም። ምች እንዳይመታት ከቤት አናወጣትም።

ሪኬትስ ሊሆን ይችላል፤ የቫይታሚን ዲ እጥረት ማለት ነው። ቀን ከሌት ተሸፍና የምትውል ልጅ ፀሐይ ከየት ታግኝ? በመስታወት በኩል የሚገባው ደግሞ አይቆጠርም። ፀሐይ ብቻ ግን አይበቃትም፤ ሐኪም አይቶ መድኃኒት ያዝላት። ከሚድኑት መሐል ስለሆነ ይህን ጥያቄ ሳይ ደስ ይለኛል።

ባለጎማው የመራመጃ ወንበር ቶሎ ያስኬዳል?

አያስኬድም። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን አግዳለች፤ ልጆች ከደረጃ እየወደቁበት። መሬት ላይ ልቀቁት።

እኔ ወገራ ነኝ። ወዴት ልሂድ? በየሳምንቱ ጎንደር መመላለስ አልችልም።

ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ከጤና ጣቢያው ጀምር ወንድሜ። ለክትባት ስትሄዱም ጠይቁ፤ በ9 ወርና በ15 ወር መሄዳችሁ አይቀርም። ሪፈር አጽፈህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ና። ዩኒቨርሲቲው ወደ ኅብረተሰቡ ወርዶ የሚሠራ የተሐድሶ (አካል ጉዳት ያለባቸውን የመርዳት) ፕሮግራምም ስላለው፣ ወደ እናንተ አካባቢ ይደርስ እንደሆነ እዚያው ጠይቅ።

መመላለሱ አያስጨንቅህ። እኛ ጋ የምታሳልፉት ጥቂት ደቂቃ ነው። ልጁን የምታጥቡት፣ የምታለብሱትና የምታበሉት እናንተ ናችሁ፤ ዋናው ሥራም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ስትመጣ ቤት የምትውለውን ይዘህ ና፤ እናቱም ትሁን፣ አያቱም፣ ሞግዚቷም። የክትባት ካርዱንም አትርሳ።