ዜሮ ላይ የቆመው አፕዴትና የኮምፒውተርዎ ሰዓት

ከሐይቅ ከተማ የጻፉልን አንድ ጡረተኛ መምህር ቤታቸው ያለው ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ያገለገለ ዴስክቶፕ ከሁለት ወር ወዲህ አልዘመን እንዳላቸው ይገልጻሉ። የሲስተሙ አፕዴት ዜሮ ከመቶ ላይ ይቆማል፤ አፕሊኬሽኖቹን ለማደስ ማይክሮሶፍት ስቶርን ሲከፍቱም «ኢንተርኔትዎን ያረጋግጡ» ይላቸዋል። ይሁንና ኢንተርኔቱ ከስልካቸው በሆትስፖት የሚመጣ ሲሆን ስልኩ ላይ ያለ አንዳች እንከን ይሠራል። ያዩት ሰው «ፎርማት ይደረግ» ብሏቸዋል፤ እርሳቸው ግን የልጅ ልጆቻቸው ፎቶግራፎችና ለዓመታት ያዘጋጇቸው የማስተማሪያ ጽሑፎች እንዳይጠፉ ሰግተዋል። በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ዋዛ «መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ስለሚዛባ በእጄ አስተካክለዋለሁ፤ አሁንም 2018 ብዬ ሞልቼዋለሁ» ብለዋል።

መምህር፣ መልሱ ያለው በዚሁ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ ውስጥ ነውና ፎርማቱ ይቆይ። ኮምፒውተሩ በዚያ ቦታ ላይ የሚጠብቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። እርስዎ በእኛ አቆጣጠር 2018 ሲሉት እርሱ የተረዳው እ.ኤ.አ. 2018 ብሎ ስለሆነ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ተቀምጧል። ሰዓቱንም እንደ ግድግዳው ሰዓት ሞልተውት ከሆነ፣ በዚያ ላይ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይጨመርበታል።

ይህ አፕዴትን እንዴት ሊያስቆም እንደሚችል ላስረዳ። ኮምፒውተርዎ ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ጋር በተገናኘ ቁጥር ሰርቨሩ እንደ መታወቂያ የሚያገለግል ዲጂታል ሰርተፍኬት ያሳየዋል፤ በሰርተፍኬቱም ላይ የሚጸናበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። በ2018 የሚኖር ኮምፒውተር በ2025 የተሰጠ ሰርተፍኬት ሲቀርብለት «ይህ ገና ሥራ ላይ አልዋለም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ ዋና ዋናዎቹ የድረ ገጽ ማሰሻዎች ከ398 ቀን በላይ ዕድሜ ያለው አዲስ ሰርተፍኬት ስለማይቀበሉ፣ ዛሬ የሚያገኟቸው የድረ ገጽ ሰርተፍኬቶች በሙሉ ማለት ይቻላል የቅርብ ጊዜ ናቸው። ስለዚህ ዓመቱ የተሳሳተ ኮምፒውተር መስመሩ ደህና ሆኖ ሳለ ኢንተርኔት የሌለው ይመስላል። ስልክዎ የማይቸገረው ቀኑንና ሰዓቱን ከኔትወርኩ ስለሚወስድ ነው። በኮምፒውተሩ ድረ ገጽ ሲከፍቱ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ፣ ወይም ዊንዶውስ የሚያሳየው የስህተት ቁጥር «80072ኤፍ8ኤፍ» ከሆነ፣ ምክንያቱ ይኸው ለመሆኑ ብዙም አይጠራጠሩ።

እኔም ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን፣ ደሴ ውስጥ ባለች ጠባብ ሱቅ፣ የአንድ ደንበኛን ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርጌ ሁለት ጊዜ «ተሠርቷል» ብዬ ከመለስኩ በኋላ ነው የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት የምትጠብቀው የትንሿ ባትሪ ነገር የገባኝ። ሰውየው ለሁለቱም ጊዜ ከፍለውኛል፤ ሦስተኛውን ልቀበል አልደፈርኩም።

ወደ ሥራው እንግባ። ከሴቲንግስ «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ» የሚለውን፣ ከውስጡም «ዴት ኤንድ ታይም» የሚለውን ይክፈቱ። የሰዓት ቀጠናው ላይ አዲስ አበባን ቢፈልጉ ስለማያገኙ፣ ከእኛ ጋር እኩል የሆነውን ናይሮቢን ይምረጡ። ቀጥሎም ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል የሚያዝዘውን ማብሪያ ለጊዜው አጥፍተው ቀኑን በፈረንጆቹ ይሙሉ፤ ለምሳሌ ዕለቱ ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ቢሆን፣ የሚሞሉት ጃንዋሪ 9 ቀን 2026፣ 3 ፒኤም ነው። ይህን ካደረጉ በኋላ ማብሪያውን መልሰው ያብሩና «ሲንክ ናው» የሚለውን ይጫኑ። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዊንዶውስ በተለመደው ቅንብሩ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ በኢንተርኔት አማካይነት ሊያርመው ፈቃደኛ አይሆንም፤ በእጅ ካቀረቡለት ግን ቀሪዋን ደቂቃ ራሱ ያስተካክላል።

ቀኑ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚዛባው ደግሞ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ያለችው ሳንቲም መሰል ባትሪ ስላለቀች ነው። መጠሪያዋ ሲአር 2032 ሲሆን ኃይሏ 3 ቮልት ነው፤ የመኪና ሪሞትም በብዛት የሚጠቀመው እርሷን ስለሆነ ከሰዓት ሠሪ ወይም ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አይጠፋም። ከመቀየርዎ በፊት ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደ ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት ወደሚከፈተው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ቅንብር፣ ገብተው ገጾቹን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ባትሪዋ ስትወጣ ቅንብሩ ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ስለሚችል፣ በተለይ ሃርድ ዲስኩ የሚነበብበት መንገድ ከተለወጠ ዊንዶውስ አልነሣም ይላል። ከዚያም የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ነቅለው የኮምፒውተሩን ማብሪያ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ አሮጌዋን ባትሪ አውጥተው አዲሷን ሲያስገቡ የመደመር ምልክቱ ወደ እርስዎ ይሁን። መጀመሪያ ሲነሣ «ኤፍ 1ን ይጫኑ» ሊል ይችላልና አይደንግጡ።

ሰዓቱ ተስተካክሎም አፕዴቱ ካልተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ የምጠረጥረው ሆትስፖቱን ነው። ግንኙነቱ «ሜተርድ» ተብሎ ከተመዘገበ ዊንዶውስ የገዙትን ጥቅል እንዳይጨርስብዎ ትልልቁን አፕዴት ይዞ ይቆያል፤ ይህ ጥፋት ሳይሆን ጨዋነት ነው። ከዋይፋዩ ዝርዝር ገጽ ላይ ሊያነሡለት ይችላሉ። ወርኃዊ አፕዴት ከአንድ ጊጋ ባይት ሊያልፍ ስለሚችል የሌሊት ጥቅል ገዝተው ቢያደርጉት ይሻላል፤ እንደ ጨረሱም ቅንብሩን ይመልሱት።

የዲስክ ቦታ ማነሱን የሚያመለክተው የስህተት ቁጥር 80070070 ነው፤ ሲ በተባለው ክፍል ላይ ቢያንስ 20 ጊጋ ባይት ነጻ ቢሆን እመርጣለሁ። ፎቶዎቹን በፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ለዚህም ለስጋትዎም ይበጃል።

ስቶሩ ብቻ ከቀረ፣ የዊንዶውስ ቁልፍንና «አር»ን አብረው ተጭነው በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ «ደብልዩ ኤስ ሪሴት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት ይጻፉ፤ የስቶሩን ጊዜያዊ ማከማቻ ያጸዳል።

በግማሽ የወረደ አፕዴት ተበላሽቶ መንገድ ዘግቶም ሊሆን ይችላል። የዚህ መፍትሔ «ሰርቪስስ» በተባለው መስኮት ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴትንና «ባክግራውንድ ኢንተለጀንት ትራንስፈር»ን አስቁሞ፣ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን»፣ ከእርሱም ውስጥ «ዳውንሎድ» የሚለውን ፎልደር ከፍቶ በውስጡ ያለውን ብቻ ማጥፋት፣ ከዚያም ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣት ነው። የግል ፋይልዎን አይነካም፤ የወረደው ሁሉ ግን ከዜሮ ስለሚጀምር ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ሰው ይህን ወደ መጨረሻ ቢያቆዩት ይሻላል።

አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ አፕዴት ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። እስከዚያ ቀን የወጡት ግን አሁንም ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ያሉትን የደኅንነት ማሻሻያዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ለማግኘት፣ ከዚያው ከአፕዴት ገጽ ላይ በተራዘመው ፕሮግራም መመዝገብ ያስፈልጋል።

መጫኑ ሲጀምር ደግሞ ትዕግሥት ይኑርዎት። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር በአንድ ቁጥር ላይ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቢቆይ የተለመደ ነው። ቁጥሩን ትተው በተለምዶ ሲፒዩ የምንለው ሳጥን ላይ ያለውን የዲስክ መብራት ይመልከቱ፤ ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ሥራ ላይ ነው፤ አያጥፉት። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ከሌለዎት መብራት ሲሄድ ሲመጣ በሚውልበት ቀን መጫኑን አይጀምሩ።

ባትሪዋ ተቀይራም ቀኑ ከተዛባ ችግሩ ከማዘርቦርዱ ነውና ወደ ደሴ ብቅ ሲሉ ይዘውት ይምጡ። ሲፒዩው ብቻ ይበቃል፤ ሞኒተሩን በታክሲ አያንገላቱት።