ስለ ታይሮይድ ማነስና ስለ መርሳት ለጠየቁት እህታችን

ውድ እህታችን፣ የታይሮይድ ዕጢዎ ሥራ እንደቀነሰ ተነግሮዎት የጎደለውን ሆርሞን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን የተባለ መድኃኒት መውሰድ ከጀመሩ 3 ሳምንት እንደሆነ፣ ነገር ግን አሁንም ቃል እየጠፋብዎትና የሰው ስም እየረሱ እንደተቸገሩ ገልጸው፣ «መርሳቱ ከዚሁ ሕመም ነው ወይስ ሌላ ነገር ጀምሮኝ ይሆን?» ብለው ጠይቀዋል። በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓመት ያህል ስለተንከራተትኩ የደረሰብኝን ልንገርዎት።

አንደኛ፣ አዎን፣ ከዚሁ ሕመም ሊሆን ይችላል። አንጎላችን በደም የሚደርሰውን ቲ4 የተባለ የታይሮይድ ሆርሞን ወደ ቲ3 እየለወጠ ይሠራበታል፤ ሆርሞኑ ሲያንስ ሐሳብ ይዘገያል፣ አዲስ የሰሙትም ነገር አይያዝም። እኔ ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ደምሬ ሦስት የተለያየ ድምር ሲወጣልኝ፣ እርሳሴን አስቀምጬ ቁጥሮቹን ዝም ብዬ ያየሁበትን ከሰዓት በኋላ አልረሳውም። ለዓመታት አብሮኝ የሠራ ባልደረባዬን ስሙ ጠፍቶብኝ «አንተ» እያልኩ ሳምንት ቆይቻለሁ።

ሁለተኛ፣ «ጭንቀት ነው» ተብለው ከተሸኙ እሺ ብለው አይመለሱ። እኔን ያየኝ ሐኪም ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ዕድሜ ነው፣ ሐሳብም አብዝተዋል» ብሎ የድብርት መድኃኒት ጻፈልኝ፤ ብርድ እንደማልችል፣ የሆድ ድርቀት እንደያዘኝ፣ ቆዳዬ እንደሻከረ መናገር ስጀምር «ተራ የሚጠብቁ አሉ» ብሎ አቋረጠኝ። የታይሮይድ ማነስ ድብርት መስሎ እንደሚታይ እያወቀ አንዲት የደም ምርመራ አለማዘዙ ዛሬም ያንገበግበኛል። ከ11 ወር በኋላ ሌላ ቦታ ራሴ ጠይቄ ስመረመር፣ በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 4 መሆን የሚገባው ቲኤስኤች (ታይሮይድን ሥራ የሚያዝ፣ ዕጢው ሲደክም ከፍ የሚል ሆርሞን) 38 ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛው የአወሳሰድ ጉዳይ ነው፤ እኔ ብዙ የከሰርኩትም እዚህ ላይ ነው። የደም ማነስም ስለነበረብኝ ሌቮታይሮክሲኑንና የብረት እንክብሉን ጠዋት ጠዋት አንድ ላይ በቡና እውጥ ነበር። መድኃኒቱን የሰጡኝ ሰዎች አንድም ቃል አልነገሩኝም። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ስወስድ መጠኑ ሁለት ጊዜ ተጨመረልኝ፤ ቲኤስኤቹ ግን ከ21 አልወረደም፤ እንዲያውም «መድኃኒቱን በትክክል አይወስዱም» ተብዬ ተወቀስኩ። በመጨረሻ ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ የነበረውን ወረቀት ዘርግቼ፣ ያንን ደቃቅ ጽሑፍ መስመር በመስመር አንብቤ ነገሩን የደረስኩበት እኔው ነኝ፦ ብረትና ካልሲየም መድኃኒቱን ሆድ ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋቸዋል። ሌቮታይሮክሲኑ ደግሞ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ፣ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይወሰዳል። እርስዎም እንደ እኔ ብረት ታዝዞልዎት ከሆነ ዛሬውኑ ይለያዩአቸው፤ ለሐኪምዎም ይንገሩ፤ ምክንያቱም አወሳሰዱ ሲስተካከል ቀድሞ የተጨመረው መጠን ይበዛና ልብን ያስመታል፣ ውሎ አድሮም አጥንት ያሳሳል። የእኔም መጠን ወዲያው ተቀንሷል።

ሦስት ሳምንት ገና ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ እስኪረጋ ጊዜ ስለሚፈልግ ቲኤስኤች ዳግም የሚለካው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ አእምሮ ደግሞ ከቁጥሩም ዘግይቶ ሊከተል ይችላል። እኔ አወሳሰዴን ካስተካከልኩ በአምስተኛው ወር አንድ ሙሉ ገጽ ወደ ኋላ ሳልመለስ ደምሬ ጨረስኩና፣ ባልደረባዬን በስሙ ጠርቼ አሳየሁት።

ቲኤስኤቹ ተስተካክሎም መርሳቱ ካልቀረ ቫይታሚን ቢ12ንና የእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥን እንዲያዩልዎት ይጠይቁ፤ በተለይ ሕመሙ ሀሺሞቶ (የሰውነት መከላከያ የራሱን ታይሮይድ የሚያጠቃበት) ከሆነ የቢ12 እጥረት አብሮት ሊኖር ይችላል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነም የምርመራውን ውጤት ስለሚያዛባ፣ ደም ከመስጠትዎ ቢያንስ 2 ቀን ቀድመው ያቁሙት።