በእጅ የተገጣጠመ ኪቦርድ፦ ፊደሉን የት እናስቀምጠው? (ጥያቄና መልስ)

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ ራሴ ገጣጥሜ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ጠያቂው በዝቷል። ዛሬ የደረሱኝን ልመልስ።

ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ፦ ኪካፖቹን ነቅዬ ባቀያይራቸው ፊደሉም ይቀየራል?

አይቀየርም ወንድሜ። ኪካፕ ክዳን ነው። ፊደሉን የሚወስነው ኪቦርዱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። ቪያል የሚባለውን፣ እንዲህ ያለ ኪቦርድ የሚስተካከልበትን ፕሮግራም ከፍተህ ቁልፉን ትመርጣለህ፣ የምትፈልገውን ፊደል ትሰጠዋለህ፣ አለቀ። ክዳን ስታዛውር ግን ቁመቱን እይ። የተለመዱት በየረድፉ ቁመታቸው ይለያያል፤ የላይኛውን ታች ብትሰካው ጣትህን ያደናቅፈዋል። ዲኤስኤና ኤክስዲኤ የሚባሉት የክዳን ዓይነቶች ሁሉም እኩል ስለሆኑ እንደልብ ይዘዋወራሉ።

እህታችን፣ ከደሴ፦ ቀኑን ሙሉ አማርኛ እጽፋለሁ። ማታ ትንሿ ጣቴን ያመኛል። ድቮራክ ወደሚባለው የፊደል አደራደር ልዙር? አማርኛውስ አይበላሽብኝም?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። «ሰላም» ስትዪ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ትመቻለሽ። ከአምስቱ ሁለቱ አናባቢ ናቸው። በተለመደው ኪቦርድ አራቱ አናባቢ ላይኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ኤ ደግሞ ትንሿ የግራ ጣት ላይ ወድቋል። ድቮራክ ላይ አምስቱም አናባቢዎች ግራ እጅሽ በሚያርፍበት መካከለኛ ረድፍ ይደረደራሉ። አብዛኛው ተነባቢ ቀኝ ነው። ቀኝ ያወጣል፣ ግራ ይቀበላል። «የ»፣ «ከ» እና «ቀ» ግን ግራ ይቀራሉ። «የ» ስለሚበዛ ይሰማሻል።

ጣትሽን የጎዳው ግን ሺፍት ይመስለኛል። በብዙ የአማርኛ መጻፊያዎች ጠ፣ ጨ እና ኘ ያለ ሺፍት አይወጡም። «ጥጥ» ብለሽ ሞክሪው፤ ሁለቴ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሺፍትን አውራ ጣትሽ ሥር አምጪው። «ዋን ሾት» አድርጊው፤ ነክተሽ ትለቂዋለሽ፣ ለሚቀጥለው ፊደል ብቻ ይሠራል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ጻፊ። ድቮራክ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሕመሙ ካልተወሽ ሐኪም ይየው።

አማርኛው አይበላሽም፣ አብሽሪ። ለውጡን ኪቦርዱ ውስጥ አድርጊው፣ ዊንዶውስን አትንኪው። አማርኛ መጻፊያው ከተራ ኪቦርድ የመጣ ፊደል ነው የሚመስለው።

ሌላ ጠያቂ፦ ሁለቱን የኪቦርድ ግማሾች የሚያገናኘውን ገመድ እየሠራ ብነቅለውስ?

በፍጹም! መጀመሪያ ዩኤስቢውን ንቀል። እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለው መሰኪያ ሲወጣ መስመሮቹን ያነካካል። የመጀመሪያ ኪቦርዴ አንዱ ግማሽ እንዲህ ነው የተቃጠለብኝ።

ሌላ ጠያቂ፦ ክዳኑ ላይ የአማርኛ ፊደል ላሳትም?

አሳትም፣ ግን «ለ»ን ሳይሆን «ል»ን። ቁልፉን ብቻውን ስትነካው የሚወጣው ሳድሱ ነዋ። ስቲከር ቶሎ ይላጣል። ፒቢቲ ፕላስቲክ ላይ ቀለሙ ሰርጎ የታተመ ከሆነ አይለቅም። ሲቆሽሽ ክዳኑን ነቅለህ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና እጠበው። ኮምቦልቻ ባደረ ይደርቃል፤ እኛ ደሴ ጉም ሲወርድ ሁለት ቀን እንተወዋለን። ውስጡ እርጥብ ሆኖ እንዳትሰካው።