መልስ፦ ዲዱፕሊኬሽን ከጠፋ በኋላም ማሽኖቹ ለምን ይንቀራፈፋሉ?

የጠየቅከው፣ ሰርቨርህ ላይ ዳታውን በዲስክ በሚያደራጀው ዜድኤፍኤስ ውስጥ ዲዱፕሊኬሽኑን (ተመሳሳይ ዳታን አንዴ ብቻ የማስቀመጥ ዘዴ፣ ባጭሩ ዲዱፕ) ካጠፋህ በኋላም ቨርቹዋል ማሽኖቹ (ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠሩት ኮምፒውተሮች) ለምን እንደሚንቀራፈፉ ነው። ዲዱፕሊኬሽኑን ማጥፋትህ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚጻፍ ዳታ ብቻ ነው። ቀድሞ የተጻፈው 1 ቴራባይት አሁንም በዲዱፕ ሠንጠረዡ ላይ ተመዝግቦ አለ። ዜድኤፍኤስ ሠንጠረዡ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ብሎክ (የዳታ ቁራጭ) 320 ባይት ገደማ ራም ይፈልጋል። ብሎክህ 8 ኪሎባይት ከሆነ 1 ቴራባይት ማለት 134 ሚሊዮን ብሎክ ነው፤ ወደ 40 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል። ያንተ ሰርቨር ያለው 32 ብቻ ስለሆነ አይችለውም፤ ማሽኖቹ የሚንቀራፈፉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዳታው እንደ አዲስ መጻፍ አለበት፦

1. ባክአፕ ያዝ፣ ከዚያ የድሮ ስናፕሾቶችን (የዲስኩን የቀድሞ ሁኔታ የያዙትን ቅጂዎች) አጥፋ። እነሱ እያሉ የድሮው ብሎክ አይለቀቅም።
2. ኮምፕሬሽኑን (ዳታን አሳንሶ ማስቀመጫውን) ኤልዜድ4 የተባለው ዓይነት አድርገው። ፕሮሰሰሩን ብዙም አይጫነውም፤ ለቨርቹዋል ማሽን ከዲዱፕ ይልቅ የሚያዋጣህ እሱ ነው።
3. ከፕሮክስሞክስ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን ከምታስተዳድርበት ሶፍትዌር) የየማሽኑን ዲስክ ወደ ሌላ ስቶሬጅ አዛውረህ መልሰው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ከዝውውሩ በኋላ ዲዱፕ የነበረበትን የድሮውን የማሽን ዲስክ መሰረዝ ከባድ ሥራ ነው፤ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። አንድ በአንድ፣ ማታ ቢሮው ሲዘጋ ሰርዝ። ድሬ ላይ መብራት መሃል ላይ ቢጠፋብህ፣ ሰርቨሩ ሲነሳ ስረዛውን ካቆመበት ስለሚቀጥል ደርቆ የቀረ ይመስላል። ደጋግመህ አታጥፋው፤ የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እስካለ ድረስ እየሠራ ነው፣ ጠብቀው።