ግዴታው የሚያበቃበትን ቀን ጠይቁ

ልጆቼ፣

ስለ ግዴታ ውትድርና ወሬ ሲነሳ ወዲያው ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንዱ «አገር ያለ ወታደር አትቆምም» ይላል፤ ሌላው «ማንም በግድ ጠመንጃ መሸከም የለበትም» ይላል። ሁለቱም ያረጀ ሙግት ነው፣ ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። አዋጅ ማንበብ ሥራው የሆነ ሰው ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ዘማቹ የሚመረጠው እንዴት ነው? የሚለቀቀው መቼ ነው? አልዘምትም ያለውስ በየት በኩል ይወጣል? እነዚህ በቁጥርና በቀን ካልተጻፉ የቀረው ሁሉ ንግግር ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከእኛው እንጀምር። ደርግ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ይመለከት ነበር፤ 6 ወር ሥልጠና፣ 2 ዓመት አገልግሎት፣ ከዚያ ተጠባባቂነት። ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው ከብዙ አገር ሕግ የከፋ አይመስልም። ሕዝቡ ግን ዘመኑን የሚያስታውሰው «አፈሳ» በምትለው አንዲት ቃል ነው። ምክንያቱ ኮታ ነው። ቀበሌው ወይም የገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ሰው አምጣ ተብሎ ሲታዘዝ፣ ጭንቀቱ ቁጥሩን መሙላት እንጂ ማን መሄድ እንዳለበት መለየት አይሆንም። ዘመድ ያለው ይቀራል፤ ገበያ መሃል የተገኘው ይሄዳል።

የኤርትራ ታሪክ ደግሞ የሚያበቃበትን ቀን በተመለከተ ትልቅ ትምህርት ነው። የ1995ቱ አዋጅ 18 ወር ይላል፦ 6 ወር ሥልጠና፣ 12 ወር አገልግሎት። ዛሬም ወረቀቱ ላይ ያለው ያው 18 ወር ነው። ነገር ግን እዚያው አዋጅ ውስጥ፣ በክተት ወይም በጦርነት ጊዜ በአገልግሎት ላይ ያለ ሰው ከ18 ወር በላይ እንዲቆይ የምትፈቅድ አንቀጽ አለች። በ1998 ከኢትዮጵያ ጋር ጦርነት ሲነሳ በሩ በእሷ በኩል ተዘጋ፤ ከ2002 ወዲህ ደግሞ «ወርሳይ ይከኣሎ» በሚል የልማት ዘመቻ አገልግሎቱ ማብቂያ የሌለው ሆነ። ስለዚህ የየትኛውም አገር ሕግ ሲቀርብላችሁ የወሩን ብዛት አንብባችሁ አትዝጉት። የማራዘሚያዋን አንቀጽ ፈልጉ፦ አራዝሙ የሚለው ማን ነው? ለስንት ጊዜ? ጊዜው ሲያልፍ ማን ዳግም ያየዋል? መልስ ከሌላት 18 ወር ማለት የዕድሜ ልክ ማለት ሊሆን ይችላል።

«ኮታ ከሆነ ችግሩ ዕጣ ይሻላላ?» ትሉ ይሆናል። ይሻላል፣ በደንብ ከተደባለቀ። አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1969፣ ለግዳጅ ዕጣ አወጣች። 366 ትንንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች ተዘጋጁ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የልደት ቀን የተጻፈባት ወረቀት ነበረች። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፦ ብልቃጦቹ ወደ ሳጥኑ የገቡት በወር ተራ፣ ከጃንዋሪ ተጀምሮ በዲሴምበር ተጨርሶ ነው፤ ከዚያ በደንብ ሳይታሹ ወደ መስታወት ማሰሮ ተገለበጡ። መጀመሪያ የወጣው ሴፕቴምበር 14 ነበር። አጠቃላዩ ውጤት ሲታይ ግን በኖቬምበርና በዲሴምበር የተወለዱት ከሌላው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ወጥተዋል፤ ቶሎ መውጣት ደግሞ ቀድሞ መጠራት ነው። የስታቲስቲክስ ሰዎች ወዲያው ስላጋለጡት በሚቀጥለው ዓመት አሠራሩ ተቀየረ፤ ቀኑ ከአንድ ከበሮ፣ ተራ ቁጥሩ ከሌላ ከበሮ መውጣት ጀመረ። እቁብ የጣለ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ ዕጣው ሳይታሽ ከወጣ ዳኛውን የሚለቀው የለም።

አልዘምትም ለሚለውስ? ደቡብ ኮሪያ ለረጅም ዘመን መልሷ እስር ቤት ነበር። በ2018 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አማራጭ አገልግሎት አለመኖሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ፤ ከ2020 ጀምሮ አማራጩ መጣ፣ ግን 36 ወር በማረሚያ ቤት ውስጥ መሥራት ነው። የምድር ጦሩ አገልግሎት 18 ወር ነው። እጥፍ ሲሆን አማራጭ ሳይሆን ቅጣት ይመስለኛል። ስዊዘርላንድ አማራጩን ለመረጠ አንድ ተኩል እጥፍ ጊዜ ታስከፍላለች፤ ጭራሽ ያላገለገለ ወንድ ደግሞ ከገቢው 3 በመቶ ግብር ይከፍላል። የስኳር ሕመም ያለበት አንድ ሰው «ማገልገል እፈልጋለሁ፣ ብቁ አይደለህም ያላችሁኝ እናንተ፤ ግብሩ ለምን?» ብሎ ስትራስቡርግ ላለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በ2009 ተፈረደለት። ይህ ሁሉ ሆኖ በ2013 የስዊዝ ሕዝብ ግዴታው ይቅር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ 73 በመቶው አይቅር ብሏል። ኖርዌይ ከ2015 ጀምሮ ሴቱንም ወንዱንም እኩል ትመዘግባለች፤ ግን የምትወስደው ጥቂቱን ነው፣ ፍላጎቱንም አስቀድማ ትጠይቃለች። ካየኋቸው አሠራሮች ጠብ የማያበዛው ይህ ነው።

አሁን ውጭ አገር ያላችሁትን በቀጥታ ወደሚመለከተው ልግባ። ኤምሬትስ፣ ኳታርና ኩዌት የግዴታ ውትድርና አላቸው፤ ግዴታው ግን የዜጎቻቸው ብቻ ነው። እዚያ የምትሠሩ፣ ሰው «ውትድርና አለባችሁ» ብሎ ወረቀት ፈርሙ ቢላችሁ፣ የሚያስፈርማችሁ የወታደርነት ውል ነውና እንዳትፈርሙ። ጀርመን በ2011 ያቆመችውን ባትመልስም፣ ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ በ2008ና ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ወንድ ዜጎች የሚላክላቸውን መጠይቅ የመመለስ ግዴታ አለባቸው። የጀርመን ፓስፖርት የያዘ ሐበሻም ከዚሁ ውስጥ ነው።

እስራኤል ያላችሁ፣ የመጀመሪያው መጥሪያ፣ ጻቭ ሪሾን የምትሉት፣ ተራ የምዝገባ ቀን እንዳይመስላችሁ። የጤና ፕሮፋይላችሁ (ለውትድርና ያላችሁ የጤና ብቃት ነጥብ)፣ ዳፓር የሚባለው የአስተሳሰብ ፈተናና ቃለ መጠይቁ የት እንደምትመደቡ የሚወስኑት ከዚያ ተነስተው ነው። ዳፓር ከ10 እስከ 90 ነው የሚሰጠው፤ ያለ እንቅልፍ፣ ያለ ቁርስ አትሂዱ። ቤት ውስጥ ኪራይና ምግብ በእናንተ ደመወዝ የሚሸፈን ከሆነ ደግሞ አፍሮ ዝም ማለት አያስፈልግም። «ታሽ» የሚባለው ክፍል የተቋቋመው ለዚሁ ነው፤ ለቤተሰብ ክፍያና በእረፍት ጊዜ የመሥራት ፈቃድ ይጠየቅበታል። የወላጆችን የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ መግለጫና የኪራይ ውል ይዛችሁ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ። ችግሩን ሳይናገር ወደ ቤት የቀረ ወታደር በመዝገቡ ላይ ኮብላይ እንጂ እናቱን የረዳ ልጅ ተብሎ አይጻፍም።

አሜሪካ ደግሞ ግዳጁ በ1973 ቀርቷል፤ ምዝገባው ግን አለ። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ፣ በዲቪ የመጣም፣ ስደተኛም፣ ወረቀት የሌለውም፣ 18 በሞላ ወይም በገባ በ30 ቀን ውስጥ ለግዳጅ ስም በሚይዘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በሴሌክቲቭ ሰርቪስ፣ መመዝገብ አለበት። በተማሪ ቪዛ ላይ ያለ፣ ቪዛው እስካልተበላሸ ድረስ አይመለከተውም። መመዝገብ መቀጠር አይደለም። በ2025 መጨረሻ የወጣው ሕግ መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንዲመዘግብ ያዛል፤ ብዙ ስቴቶችም መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ያስመዘግባሉ። ቢሆንም ድረ ገጹ ላይ ገብታችሁ ስማችሁ መኖሩን እዩ፣ ማረጋገጫውን አትሙ።

የእኛ ልጆች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ፍለጋው የሚሠራው በመጨረሻ ስም፣ በሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርና በልደት ቀን ነው። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም መጨረሻ ሆኖ ሲገባ፣ የተመዘገበው ልጅ «የለም» ይባላል። የልደት ቀን ከእኛ ወደ ፈረንጅ ሲቀየር የተሳሳተም እንዲሁ። ስለዚህ ፓስፖርታችሁና ሶሻል ካርዳችሁ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ሙሉ።

26 ከሞላ በኋላ መመዝገብ አይቻልም። የሚያስቸግረው ክስ አይደለም፣ ሲቲዝንሺፕ ነው፤ ማመልከቻው ላይ ተመዝግበሃል ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ከ26 እስከ 31 ያለ ሰው አውቆ እንዳልተወ ማስረዳት ይጠበቅበታል፦ ከሴሌክቲቭ ሰርቪስ ስለ ሁኔታው ደብዳቤ ማስመጣት፣ ለምን እንዳልተመዘገበ በቃለ መሐላ መጻፍ። አሜሪካ የገባው 26 ከሞላው በኋላ የሆነ ሰው ግዴታ አልነበረበትም፤ ግን የገባበትን ቀን ማሳየት አለበት። የመግቢያ ማኅተም ያለበትን የድሮ ፓስፖርት ጊዜው አልፏል ብላችሁ አትጣሉት።